የቦዘነውን መስኮት ማደብዘዝ፦ በቴም፣ በፕለጊን ወይስ በቲመክስ?

ስክሪኑን ለሁለት ለሦስት ከፍሎ ኮድ የሚጽፍ ሰው የትኛው መስኮት ላይ እንዳለ በአንድ እይታ መለየት አለበት። ካልለየ «ዲዲ» ብሎ የሚያጠፋው መስመር ካላሰበው ፋይል ላይ ይሆናል። የተለመደው መፍትሔ ጠቋሚው የሌለበትን መስኮት ማደብዘዝ ነው። ማደብዘዙ ግን አራት ቦታ ላይ ሊሠራ ይችላል፦ በኤዲተሩ ቴም (የቀለም አሠራሩ)፣ በፕለጊን (በኤዲተሩ ላይ በሚጨመር ቅጥያ)፣ በቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ወደ ብዙ ክፍል በሚከፍለው ፕሮግራም) ወይም በራሱ በተርሚናሉ። «ፕለጊኑ እምቢ አለ» እየተባለ የሚነሳው ችግር አብዛኛው ከሁለት ነገር አያልፍም። አንድም የተመረጠው ቦታ የተፈለገውን ነገር የመሥራት አቅም የለውም፣ አንድም ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ በርቶ እርስ በርሱ ይጠላለፋል።

የትእዛዞችንና የአማራጮችን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናል። በቪምና በኒዮቪም (በተርሚናል ውስጥ በሚሠሩት ኤዲተሮች) ስሞች መሃል የምታዩዋት ሰረዝ ለንባብ የገባች ስለሆነች ስትተይቡ ስሙን አያይዛችሁ ጻፉ። በቲመክስ ስሞች ግን ሰረዟ የስሙ አካል ናት።

መጀመሪያ ቨርዥኑን ተመልከቱ

ኒዮቪም ለምትጠቀሙ ምርጫውን በግማሽ የሚወስነው የቨርዥኑ ቁጥር ነው። በኡቡንቱ 20.04 «አፕት» (የሲስተሙ ፕሮግራም መጫኛ) የሚያመጣው ኒዮቪም 0.4.3 ነው፣ በ22.04 ደግሞ 0.6.1። በዴቢያን 12 የሚገኘው 0.7.2 ሲሆን በኡቡንቱ 24.04 0.9.5 ነው። ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱ የቀለም ስብስብ እንዲኖረው የሚያደርገው ዘዴ ወደ ኒዮቪም የገባው በ0.8 ነው። ቲንት የተባለው ፕለጊን የቆመው በዚህ ዘዴ ላይ ስለሆነ ኡቡንቱ 22.04 ባለበት ማሽን ላይ በአፕት በመጣው ኒዮቪም ቲንትን ለማስነሳት መታገል ከንቱ ድካም ነው። ሴቲንጉን መቶ ጊዜ ብትገለብጡት ለውጥ አይመጣም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፖሊም ይሁን በፔዳ ግቢ የአድሚን ፓስዎርድ በሌላችሁ የጋራ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ፕለጊኑን ትቶ በኤዲተሩ ውስጥ ባለው ነገር መሥራት ነው። ሁለተኛው ኒዮቪምን በአፕኢሜጅ መልክ አውርዶ በሆም ማህደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ የሚወርደው አንድ ፋይል ብቻ ሲሆን አድሚን መሆን አይጠይቅም። በ22.04 ላይ «ፊውዝ የለም» የሚል ስህተት ካወጣ ፋይሉን «አፕኢሜጅ-ኤክስትራክት» በሚለው አማራጭ ዘርግታችሁ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በቀጥታ አስነሱት።

ኢንተርኔቱ አልጎተት ካለ ፕለጊን በፍላሽም ይሄዳል። የፕለጊኑን ማህደር እንዳለ «ፓክ» በሚለው ማህደር ሥር፣ በፈለጋችሁት ስም በከፈታችሁት ንዑስ ማህደር ውስጥ፣ «ስታርት» የሚለው ላይ ገልብጡት። ቪምም ኒዮቪምም ሲነሱ ራሳቸው ያነሱታል፤ የፕለጊን ማናጀር አያስፈልግም።

ዳራው ይደብዝዝ ወይስ ፊደሉ?

ዋናው የመምረጫ ጥያቄ ይህ ነው። ዳራ ስንል ከፊደሉ ኋላ ያለውን ቀለም ነው። ዳራው ብቻ ትንሽ ቢጠቁር ከበቃችሁ ምንም ነገር መጫን አያስፈልጋችሁም። ቁልፍ ቃሉም፣ ኮሜንቱም፣ ቁጥሩም እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ግን ፕለጊን የግድ ነው።

ኒዮቪም «ኖርማል-ኤንሲ» የሚባል የቀለም ቡድን አለው። ጠቋሚው በሌለበት መስኮት ውስጥ «ኖርማል» የሚለውን ቡድን ተክቶ ይሠራል። ሲመጣ ባዶ ስለሆነ ካልሞላችሁት ልዩነት አታዩም። ለሙከራ «ሃይላይት» በሚለው ትእዛዝ የኖርማልን የጂዩአይ (የሙሉ ቀለም) ዳራ #202020፣ የኖርማል-ኤንሲን ደግሞ #181818 አድርጉት። ተርሚናሉ 256 ቀለም ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በ«ሲተርም» ዳራ ለኖርማል 236፣ ለኖርማል-ኤንሲ 234 ስጡ። ከ232 እስከ 255 ያሉት ቁጥሮች ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄዱ ግራጫዎች ስለሆኑ በዚያ መካከል እየተንቀሳቀሳችሁ ለዓይናችሁ የሚስማማውን ፈልጉ።

የዚህ ዘዴ ገደብ የሚታየው የፊደሉን ቀለም ልትቀይሩበት ስትሞክሩ ነው። የሚደበዝዘው የራሱ ቀለም የሌለው ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቁልፍ ቃላት፣ ኮሜንቶችና በጥቅስ ውስጥ ያሉ ጽሑፎች የየራሳቸው ቡድን ስላላቸው እንደደመቁ ይቀራሉ። «ግማሹ ደበዘዘ፣ ግማሹ እንዳለ ነው» የሚለው ቅሬታ ሲመጣ ብልሽት አትፈልጉ፤ ዘዴው የሚችለው ያንኑ ያህል ነው።

ቴማችሁ ይህን በራሱ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። ካትፑቺን፣ ካናጋዋ፣ ቶክዮ ናይት እና ናይትፎክስ ሁሉም የቦዘነ መስኮት ማደብዘዣ ሴቲንግ አላቸው፤ ሲመጡ ግን ዝግ ነው። በካትፑቺን ከከፈታችሁት በኋላ መጠኑን የሚወስነው ቁጥር 0.15 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ቴማችሁ ከነዚህ አንዱ ከሆነና ዳራ ብቻ ከበቃችሁ የኛ ምክር እዚሁ ላይ መቆም ነው። የቴሙ ሠሪዎች ኖርማል-ኤንሲን ከሌሎቹ ቡድኖች ጋር አስማምተው ስለሚያወጡት በኋላ የምንዘረዝራቸው ችግሮች አብዛኞቹ አይነሱም።

ቪም ላይ ኖርማል-ኤንሲ የለም። በአዳዲሶቹ ቨርዥኖች «ዊን-ከለር» የሚባል ለአንድ መስኮት ብቻ የሚሠራ አማራጭ ስላለ የፈለጋችሁትን የቀለም ቡድን ስም ትሰጡታላችሁ። በራሱ ግን አይቀያየርም። ከመስኮቱ ሲወጣ የደበዘዘውን ቡድን የሚሰጥ፣ ሲገባ ባዶ የሚያደርግ ሁለት አውቶ-ኮማንድ (አንድ ነገር ሲከሰት በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) በ«ዊን-ሊቭ» እና በ«ዊን-ኢንተር» ላይ መጻፍ አለባችሁ።

ፕለጊኖቹ

ቲንት (ኒዮቪም 0.8 እና ከዚያ በላይ) የእያንዳንዱን የቀለም ቡድን የደበዘዘ ቅጂ ሠርቶ ጠቋሚው ለሌለበት መስኮት ይሰጣል። ስለዚህ ኮሜንቱም ቁልፍ ቃሉም መልካቸውን ሳይለቁ አንድ ላይ ይደበዝዛሉ። መጠኑን የሚወስነው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ያጠቁራል፣ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያነጣል። እዚህ ላይ ነጭ ቴም የሚጠቀሙ ሰዎች በብዛት ይሳሳታሉ። ከጥቁር ቴም የተቀዳ ሴቲንግ ውስጥ ያለው ቁጥር ኔጋቲቭ ነው፤ በነጭ ዳራ ላይ ፊደሉን ይበልጥ ስለሚያጠቁረው የቦዘነው መስኮት ከምትሠሩበት ደምቆ ይታያል። ለነጭ ቴም ምልክቱን ገልብጡት። ዳራውን ቲንት ሲመጣ አይነካም፤ እንዲነካ ከፈለጋችሁ ለብቻው ያለውን ማብሪያ ክፈቱ።

ቪሜድ የሚሻለው ቪምንም ኒዮቪምንም ለሚጠቀም ሰው ነው፤ ሁለቱም ላይ ይሠራል። ቪም ላይ ፓይተን ያስፈልገዋል። «ኤኮ ሃዝ ፓይተን3» ብላችሁ ስትጠይቁት 1 ከመለሰ አለ፣ 0 ከመለሰ የለም። ኡቡንቱ ሲጫን አብሮ የሚመጣው «ቪም-ታይኒ» ፓይተን የለውም፤ «ቪም-ኖክስ» የሚለውን ጥቅል መጫን መፍትሔው ነው። የቪሜድ ዋና ቁጥር «ፌድ-ሌቭል» ይባላል። 1 ማለት ምንም አይደብዝዝ፣ 0 ማለት ፊደሉ ከዳራው ጋር ተዋህዶ ይጥፋ ማለት ነው። ሲመጣ 0.4 ላይ ነው፤ ለኛ ዓይን ይህ ከልክ በላይ ነው። ምክንያቱን ስለ ብርሃን ስናወራ በቁጥር እናሳያለን።

ሼድ ከላይ ተንሳፋፊ መስኮት ዘርግቶ በከፊል ግልጽ በሆነ ጥቁር ይሸፍናል፤ የሽፋኑ መጠን ከ0 እስከ 100 ሲሆን ሲመጣ 50 ነው። ለማየት ያምራል። ነገር ግን የተዘረጋው ሽፋን ለኒዮቪም እንደማንኛውም መስኮት ስለሚቆጠር መስኮት የሚቆጥሩና የሚያስተካክሉ ሌሎች ፕለጊኖችን ያደናግራል፤ ለረጅም ጊዜም አልታደሰም። አዲስ ለሚጀምር ሰው አንመክረውም።

ዲም-ኢንአክቲቭ የቪም ነባር ፕለጊን ነው፤ የሚሠራበት ዘዴም ብልሃት የታከለበት ነው። ቪም የመስመር ርዝመት ወሰንን የሚያሳይ «ከለር-ኮለም» የሚባል አማራጭ አለው፤ አንድን ዓምድ በቀለም ያሰምራል። ፕለጊኑ ሁሉንም ዓምዶች በአንድ ጊዜ ያሰምርና መስኮቱ በሙሉ የደበዘዘ ይመስላል። ድክመቶቹ ሁሉ ከዚሁ ይወለዳሉ። ቪም በዚህ አማራጭ ከ256 ዓምድ በላይ ስለማያሰምር በሰፊ ሞኒተር ላይ ቀኙ ጠርዝ ሳይደበዝዝ ይቀራል። ፋይሉ ካለቀ በኋላ ያለው ባዶ ቦታም ቀለሙን አያገኝም። የራሳችሁን የ80 ዓምድ መስመር አብርታችሁ ከነበረ በቦዘነው መስኮት ውስጥ ይጠፋል። ዊን-ከለር ያለው ቪም ካላችሁ ይህን ፕለጊን ለመምረጥ ምክንያት የለም። ለአሮጌ ቪም ግን አሁንም ያገለግላል።

በስም የሚምታቱ ሁለት ፕለጊኖችም አሉ፦ ትዋይላይት እና ላይምላይት። እነዚህ የሚያደበዝዙት ሌላውን መስኮት ሳይሆን በዚያው መስኮት ውስጥ ጠቋሚው የሌለበትን የጽሑፍ ክፍል ነው። ትዋይላይትን ጭኖ «ጎን ያለው መስኮት አልደበዘዘም» የሚል ሰው የጫነው ሌላ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው።

ቲመክስና ተርሚናል

ቲመክስ ከ2.1 ጀምሮ «ዊንዶው-ስታይል» እና «ዊንዶው-አክቲቭ-ስታይል» የሚባሉ አማራጮች አሉት። የመጀመሪያው ለቦዘነው ክፍል፣ ሁለተኛው ለሚሠራበት ክፍል ቀለም ይሰጣል። በአንዱ ክፍል ኤዲተር፣ በሌላው ሰርቨር ወይም ኮምፓይለር ለሚያስኬድ ሰው ይህ ከየትኛውም ፕለጊን ይሻላል፤ ኤዲተር ያልሆነውንም ክፍል ያደበዝዛልና።

ሆኖም አንድ ነገር ያስተውሉታል፦ ኤዲተሩ ያለበት ክፍል አይደበዝዝም። ቲመክስ ቀለም መስጠት የሚችለው ፕሮግራሙ የራሱን ዳራ ያልቀባበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኒዮቪም ውስጥ ያለው ቴም ለኖርማል ዳራ ከሰጠ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ስለሚቀባው የቲመክስ ቀለም ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። እንዲታይ የኖርማልንም የኖርማል-ኤንሲንም ዳራ «ነን» ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ስታደርጉ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ፊደሉን ከዳራው ጋር እየቀላቀለ የሚያደበዝዝ ፕለጊን የሚቀላቅልበት ዳራ ያጣል። ቪሜድ ለዚህ ሲባል የመሠረት ዳራውን በእጅ የሚነግሩት ሴቲንግ አለው፤ ያንን ካልሞላችሁ ቀለሙ ከዳራችሁ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ብዙ ጊዜ በቲመክስ ክፍሎች መካከል የምትመላለሱ ከሆነ ቲመክስ ያደብዝዝ፣ ኤዲተሩ ዳራ የሌለው ይሁን፣ ፕለጊኑ ይውጣ። አብዛኛውን ጊዜ በኤዲተሩ ውስጥ የምትውሉ ከሆነ ደግሞ የቲመክሱን ተዉት።

ተርሚናሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ዌዝተርም የቦዘነውን ክፍል ሲመጣ ጀምሮ ያደበዝዛል፦ ድምቀቱን በ0.8፣ የቀለሙን ጥንካሬ በ0.9 ያባዛል። ጎስቲም እንዲሁ፣ የቦዘነ ክፍል ግልጽነቱ ሲመጣ 0.7 ነው። ኪቲ «ኢንአክቲቭ ቴክስት አልፋ» የሚል ቁጥር አለው፣ ሲመጣ 1 ስለሆነ ዝግ ነው። እነዚህ የሚያውቁት የራሳቸውን ክፍሎች እንጂ ኤዲተሩ በውስጡ የከፋፈላቸውን መስኮቶች አይደለም። ኬዲኢ ዴስክቶፕ ያለው ማደብዘዣም ከዚህ አንድ ደረጃ ወጥቶ ሙሉ ፕሮግራሞችን ነው የሚያደበዝዘው።

ቪኤስ ኮድ እና ኢማክስ

ቪኤስ ኮድ ላይ ኤክስቴንሽን አትፈልጉ። ከ2023 ጀምሮ በሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር፣ «ዲም አንፎከስድ» የሚል ማብሪያ አለ። መጠኑ ሲመጣ 0.75 ነው፣ ዝቅተኛው 0.2። ኤዲተሮችንም ተርሚናሎችንም ያደበዝዛል። ኖትቡክ ላይ ግን አይሠራም፤ ኖትቡክና ኤክስቴንሽኖች የሚከፍቷቸው የድረ ገጽ ዓይነት ገጾች በተለየ ፍሬም ውስጥ ስለሚታዩ ሴቲንጉ አይደርስባቸውም። በጁፒተር ኖትቡክ ለሚሠራ የዳታ ሳይንስ ተማሪ ይህ ሴቲንግ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ኢማክስ ላይ ምርጫው በሁለት መካከል ነው። ዲመር የፊደሉን ቀለም ያደበዝዛል፣ መጠኑም ሲመጣ 0.20 ነው፤ የሚያየው ግን ባፈሩን (የተከፈተውን ፋይል) እንጂ መስኮቱን አይደለም። አንድን ፋይል በሁለት መስኮት ከከፈታችሁ ሁለቱም ደምቀው ይቆያሉ። ኦቶ-ዲም-አዘር-በፈርስ አዲሱ ቨርዥን በኢማክስ 27 እና ከዚያ በላይ በመስኮት ይለያል። የፋይልን መጀመሪያና መጨረሻ ጎን ለጎን የምታነብቡ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ጣና ዳር፣ ላብ ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ

መጠኑን ማታ ቤት ተቀምጦ ያስተካከለ ሰው በማግስቱ ጣና ዳር ካፌ ላይ ሲከፍተው የቦዘነው መስኮት ጥቁር ሰሌዳ ሆኖበት ያገኘዋል። ፕለጊኑ አልተበላሸም። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለምትገኝ ሐይቁን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ስትቀመጡ ከውኃው የሚነሳው ብርሃን ዓይናችሁን ያለማምደዋል፤ ስክሪኑ ከዚያ አንጻር ይጨልማል። ለሐይቁ ጀርባ ብትሰጡ ደግሞ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። በጎን ተቀመጡ። ከዚያም አልፎ #202020 እና #181818 የሚባሉት ሁለት ጥቁሮች በቀን ብርሃን ለዓይን አንድ ናቸው፤ በዳራ ብቻ የተመሠረተ ማደብዘዝ እዚያ አይለይም። ለቀን ሥራ ነጭ ቴም፣ የቦዘነው መስኮት በ256ቱ ቀለም 254 ዳራ፣ የሚሠራበት 255 ወይም ንጹሕ ነጭ ቢሆን የተሻለ ይለያል።

ምን ያህል ማደብዘዝ እንደሚበዛ በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ መጠን ፊደል ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይጠይቃል። በ#181818 ዳራ ላይ #808080 የሆነ ፊደል ልክ 4.5 አካባቢ ያርፋል፤ #909090 ከሆነ 5.6 ገደማ፣ #707070 ከሆነ 3.6 ገደማ። አሁን ወደ ቪሜድ እንመለስ። በዚያው ዳራ ላይ ብርሃኑ ከ255 ውስጥ 200 የሆነ ግራጫ ፊደል በ0.4 ከዳራው ጋር ሲቀላቀል ንጽጽሩ ወደ 2.7 ይወርዳል። በ0.6 ግን 4.6 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ0.6 ጀምሩ፤ ለውጭ ሥራ 0.7 አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና ብዙ ጊዜ የስክሪኑን ብርሃን ራሱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ በልክ የተደበዘዘው መስኮት አይነበብም። ማደብዘዣውን በአንድ ቁልፍ የሚያጠፋ አቋራጭ አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ቪሜድም ቲንትም ማብሪያና ማጥፊያ ትእዛዝ አላቸው። ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ስታሳዩም በዚሁ ቁልፍ አጥፉት። ፕሮጀክተር ጥቁርን ወደ ግራጫ ስለሚያወጣው ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ የደበዘዘውን ኮድ ማንበብ አይችልም።

በአማርኛ ፋይል ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ቢ እና ቤን የምትለያቸው እግራቸው ሥር ያለች ትንሽ ምልክት ናት፤ ሉ እና ሊን የሚለየው የጎን ጭረቷ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ ነው። ንጽጽሩ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። የፕሮግራም ጽሑፍ ወደ አማርኛ የምትተረጉሙ ከሆነ ምንጩን በአንድ መስኮት፣ ትርጉሙን በሌላው ትከፍታላችሁ፤ የምታነብቡት ዘወትር የቦዘነውን መስኮት ነው ማለት ነው! ለዚህ ሥራ ፊደሉን የሚያደበዝዝ ፕለጊን አይሆንም፤ ዳራውን ብቻ የሚቀይረው ኖርማል-ኤንሲ ይበቃል። ፎንቱም ለውጥ ያመጣል። አቢሲኒካ የብዕር አጣጣል ስላለው ቀጫጭን መስመሮቹ ቶሎ ይጠፋሉ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውፍረቱ ይበልጥ እኩል ስለሆነ ማደብዘዝን ይቋቋማል።

እምቢ ሲል

ምንም ነገር ካልደበዘዘ መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ። ኒዮቪምን «ክሊን» በሚለው አማራጭ አስነሱት፤ ሴቲንጋችሁንም ፕለጊኖቻችሁንም ሳያነብ ይከፈታል። «ቪ-ስፕሊት» ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ ከዚያ ለኖርማል-ኤንሲ በእጅ ጉልህ ዳራ ስጡት፤ የጂዩአዩንም የሲተርሙንም። ከደበዘዘ ችግሩ ከሴቲንጋችሁ ነው። ካልደበዘዘ ከተርሚናሉ ነው።

ከተርሚናሉ ከሆነ «ተርም-ጂዩአይ-ከለርስ» መብራቱን ጠይቁ። ከኒዮቪም 0.10 ጀምሮ ተርሚናሉ ከቻለ ራሱ ያበራዋል፤ ከዚያ በፊት ባለው በእጅ መብራት አለበት። ሳይበራ የጂዩአይ ቀለም ብቻ ከሰጣችሁ ኤዲተሩ ችላ ይለዋል። በቲመክስ ውስጥ ከሆናችሁ ቲመክስም ሙሉ ቀለም ማሳለፍ አለበት። በ3.2 እና ከዚያ በላይ «ተርሚናል-ፊቸርስ» በሚለው ላይ ለተርሚናላችሁ «አርጂቢ» ጨምሩ። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው 3.0 ስለሆነ እዚያ «ተርሚናል-ኦቨርራይድስ» ላይ «ቲሲ» ነው የሚጨመረው።

ከሴቲንጋችሁ ከሆነ «ቨርቦስ ሃይላይት ኖርማል-ኤንሲ» በሉት። ቀለሙን መጨረሻ የሰጠው የትኛው ፋይል እንደሆነ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የቴሙ ፋይል ስም ነው። ቴም ሲነሳ ቀድሞ የነበረውን ቀለም ሁሉ ጠርጎ የራሱን ስለሚጽፍ ከቴሙ በፊት የሰጣችሁት ይጠፋል። ሲነሳ ሠርቶ ቴም ስትቀይሩ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው የእናንተን ቀለም «ከለር-ስኪም» በሚባለው ኩነት ላይ በአውቶ-ኮማንድ ማስቀመጥ ነው፤ ቴም በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይጻፋል። ቲንት ደግሞ ቅጂዎቹን እንደገና የሚሠራበት የማደሻ ትእዛዝ አለው።

የፋይል ዛፉ ብቻ ደምቆ ሲቀር ዛፉ ላይ ቆማችሁ «ዊን-ሃይላይት» የያዘውን ጠይቁ። እንደ ኤንቪም-ትሪ ያሉት ለራሳቸው መስኮት ቀለም በዚህ አማራጭ ስለሚሰጡ ኖርማል-ኤንሲን ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ዛፉን እንዳለ መተው ይሻላል፤ ዓይን የሚፈልገው ኮዱን ነውና።

ሁሉም መስኮት በአንዴ ከደበዘዘ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ቴሌስኮፕን የመሰለ ፈላጊ ሲከፈት ጠቋሚው ወደ ተንሳፋፊው መስኮት ስለሚሄድ ከኋላ ያለው ሁሉ ቦዝኗል፤ ይህ ትክክል ነው። ፈላጊው ከተዘጋ በኋላም ካልተመለሰ ግን ፕለጊኑ የመውጫውን ኩነት አልሰማም፤ በፕለጊኑ ሴቲንግ ተንሳፋፊ መስኮቶች እንዲዘለሉ አድርጉ። ሌላው የትኩረት ጉዳይ ነው። ወደ ሌላ ፕሮግራም ስትሄዱ እንዲደበዝዝ ካደረጋችሁት ኤዲተሩ መውጣትና መመለሳችሁን የሚያውቀው በ«ፎከስ-ሎስት» እና በ«ፎከስ-ጌይንድ» ነው። በቲመክስ ውስጥ እነዚህ የሚያልፉት «ፎከስ-ኢቨንትስ» ሲበራ ብቻ ነው። ካበራችሁት በኋላም ከቲመክስ ወጥታችሁ እንደገና ካልገባችሁ አይሠራም።

ኤዲተሩ ሲከፈት የመጀመሪያው መስኮት ትክክለኛውን ቀለም ካልያዘ፣ ምክንያቱ ዊን-ኢንተር ለመጀመሪያው መስኮት ስለማይተኮስ ነው። በእጅ የጻፋችሁት አውቶ-ኮማንድ ከሆነ «ቪም-ኢንተር»ን ጨምሩበት።

የመስመር ቁጥሩ ዓምድ ወይም የምልክቱ ዓምድ እንደ ነጭ ዘንግ ጎልቶ ከቀረ «ላይን-ኤንአር» እና «ሳይን-ኮለም» የራሳቸው ዳራ አላቸው ማለት ነው። ዳራቸውን «ነን» አድርጉት፤ የመስኮቱን ይከተላሉ።

«ዲፍ» ስታደርጉ የሁለቱ ፋይሎች ልዩነት በደንብ መታየት ስላለበት ማደብዘዝ እዚያ ጠላት ነው። ቲንት ላይ የትኛው መስኮት ይታለፍ የሚል ፈንክሽን መስጠት ይቻላል፤ በዚያ ውስጥ መስኮቱ «ዲፍ» የሚለው አማራጭ የበራበት ከሆነ «ትሩ» እንዲመልስ አድርጉ። በኖርማል-ኤንሲ ለምትሠሩ ግን ይህ ጣጣ ቀላል ነው፤ የዲፍ ቡድኖች የራሳቸው ዳራ ስላላቸው ልዩነቱ ያለበት መስመር እንደደመቀ ይቆያል።